የሞሰል ቤዩ ታማሚ

ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጃችን ለባሮክ ንጋቱ፣
ሞሰል ቤይ፣ ደቡብ አፍሪካ

ልጄ ባሮክ፣ እግዚአብሔር መጽናናቱን ያቅርብልህ፤ የአባትህንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። እኔ በጤና አለሁ፣ ይሄ ጤና ከተባለ።

የደወልክልኝ ዕለት ዌስትቼስተር ነበርኩ፤ መንገደኛ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል እያመላለስኩ። «ጋሼ፣ አባባ ዐረፈ» ስትለኝ መኪናውን ዳር አስይዤ አቆምኩ። ከኋላዬ የተቀመጡት ባልና ሚስት ጎማ የፈነዳ መስሏቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። በወጉ ሳላጽናናህ ስልኩን የዘጋሁት ለዚህ ነውና አትቀየመኝ። ሰዎቹን ካደረስኩ በኋላ ፓርኪንጉ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ።

አሁን ወደ ጭንቄ ልግባ። አክስትህ እታለም ገና አልሰማችም። ባለፈው ወር ልቧን ቀዶ ጥገና ተደርጋ ነው የወጣችው፤ ግሌንዴል ያለው ሐኪሟም «ድንጋጤ የሚባል ነገር አይድረስባት» ብሎ አስጠንቅቆኛል። ንጋቱ ደግሞ ለእሷ ወንድም ብቻ እንዳልነበረ አንተ ታውቃለህ። ሆሳዕና ከተማ ሳሉ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ የሷን ቤተ ክርስቲያን አልለመድኩም፣ የሷን ለቅሶ ግን ዐውቀዋለሁ። በዚህ ልቧ ብነግራት የምቀብረው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ እንደ አገራችን ወግ ቀስ በቀስ እናስለምዳት። አንተ «አባባ ትንሽ አሞታል» ብለህ ጻፍላት። ከዚያ ትንሽ ጠና አለበት ትላለህ፤ ከዚያ ደግሞ ተኝቷል። ሐኪሙ በረታች ሲለኝ ፓስተሯንና ሽማግሌዎችን ይዤ በማለዳ መርዶውን እናረዳታለን። ያኔ ልቧ ግማሹን መንገድ ሄዶ ይጠብቀናል።

በስልክ አንነጋገር። ስልኬን የምትከፍተው እሷ ናት፤ የድምፅ መልእክት ከመጣ ደግሞ እስከ ጥግ ከፍታ ጎረቤት እስኪሰማ ነው የምታዳምጠው። በወረቀት ጻፍልኝ። ፌርፋክስ ላይ ሱቅ ባለው በወዳጄ በዘላለም አድራሻ ላክ፤ ለእኔ አንድ ወረቀት፣ ለእሷ የሚነበብ ሌላ ወረቀት።

ብርታቱን ይስጥህ፣
ወንዳፍራሽ


ሞሰል ቤይ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ ወንዳፍራሽ፣

የጌታ ሰላም በእርስዎና በአክስቴ ላይ ይሁን። ጸጋው ደካማ ጉልበታችሁን ያጽና። ደብዳቤዎ ከወር በላይ መንገድ ላይ ከርሞ ደረሰኝ።

ስለ ቀብሩ በስልክ አልነገርኩዎትም። አባባን የቀበርነው ከከተማው በላይ ባለው መቃብር ነው። ከዚያ ላይ ባሕሩ በሙሉ ይታያል። እሱ ባሕር አይወድም ነበር፤ ግን እዚህ አገር ባሕር የማይታይበት መቃብር አላገኘሁም። ጆርጅ ከሚባለው ከተማ ወንድሞች መጥተው አብረውኝ ቀበሩና በዚያው ተበተኑ። ግማሾቹ ሎስ አንጀለስ ዘመድ አላቸው። አንዱ ፎቶ ቢለጥፍ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ዝም ተባብለናል። የለቅሶ ጉባኤ አልተደረገም፣ እኔም ጥቁር አልለበስኩም። በማግስቱ ሥራ ገባሁ።

አባባ ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ ከቤት ቤት ይሸጥ እንደነበር ያውቃሉ። እኔ ሙዚየሙ በር ላይ ለቱሪስት የፀሐይ ቆብ ነው የምሸጠው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ፖርቱጋሎች አፍሪካን ዞረው መጀመሪያ የወረዱት እዚህ ወደብ ነው ይላሉ። ውስጥ የመርከባቸው አምሳያ አለ፤ ውሃ የቀዱበት ምንጭም አለ። ሳያስፈቅዱ ሲቀዱ የአገሩ ከብት ጠባቂዎች በድንጋይ አባረሯቸው፣ እነሱም አንዱን ገደሉ። አባባ ይህን ከአስጎብኚ ሲሰማ «እኛስ ስንመጣ ማንን አስፈቀድን?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ሊሸጥ በሄደበት ሰፈር ውሃ ሲጠማው እንኳ ለምኖ ነበር የሚጠጣው።

ያዘዙኝን ጽፌያለሁ። ጉሮሮውን አሞታል፣ ሐኪም ለጊዜው አትናገር ብሎታል ብያለሁ፤ አለዚያ ድምፁን አሰማኝ ትላለች። ጋሼ፣ «አባባ ሰላም ብሎሻል» ብዬ ጽፌ ወረቀቱን ቀደድኩት፤ ሌላ ይዤ እንደገና ጻፍኩ። እባክዎን ቶሎ ይጨርሱት።

ልጅዎ ባሮክ


ሎስ አንጀለስ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለባሮክ፣

የልደቱ ጌታ በዚያ በባዕድ አገር ብቻህን አይተውህ። ዛሬ ጾሙ ሊፈታ ነው፣ እኔ ግን የምፈታበት ጉሮሮ የለኝም።

ያሰብነው ሁሉ ተገለበጠ። ወረቀትህን ሳነብላት ትንሽ ትደነግጣለች፣ ትንሽ ታለቅሳለች፣ በዚያው ትለምደዋለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ። አዳምጣ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀችና «ይሄ በሽታ በኢየሱስ ስም ተገሥጿል» አለች። ከዚያ ስልኩን አንስታ ዶርቃን ጠራች። ዶርቃ የጸሎት ቡድናቸው መሪ ናት፤ ድምጿ ለስታዲየም የተሠራ ነው። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ሳሎናችን ይሞላል። እናቶቹ ለንጋቱ ጉሮሮ ይጾማሉ፣ እኔ ወንበር አቀርባለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ እንግዳ አገልጋይ መጣ። እጁን ጭኖባት «በውሃ አጠገብ የተኛ ሰው አያለሁ፤ ይነሣል» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቷ በርቷል። መድኃኒቷን ሳልለምናት ትውጣለች፣ ፎቅ ያለ እኔ ድጋፍ ትወጣለች። ሐኪሙ «ምን አድርገህላት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? የሞተ ወንድሟን አሳምሜላት ነው ልበለው?

ከእንግዲህ «ትንሽ» የሚባለውን ነገር ተወው። ሆስፒታል ገብቷል፣ ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡንም ብለህ አክብድበት። ደረቅ አድርገህ ጻፈው። ይህን ካነበበች በኋላ እኛ እንጨርሰዋለን።

በሸክሜ ላይ ሸክም እንደጨመርኩብህ ይገባኛል። እኔም ደክሞኛል፣ ልጄ። እንቅልፍ ጠግቤ ከተነሣሁ ቆይቷል።

ወንዳፍራሽ


ሞሰል ቤይ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንዳፍራሽ፣

እንደምን ከርመዋል? የሰላም አምላክ ቤታችሁን ይጠብቅ።

ካልተቆጡኝ ያለውን ልናገር። እኔ አባቴን ቀብሬዋለሁ። እርስዎ ግን በየወሩ እያስነሡ ያስተኙብኛል። በመጀመሪያ ጉሮሮውን አመመው፣ አሁን ሆስፒታል አስገባዋለሁ። ሱቅ ስሄድ ሐበሻ ካጋጠመኝ «ፋዘር እንዴት ነው?» ይለኛል፤ የማያውቅ ነው የሚጠይቀኝ ወይስ ዐውቆ እያስመሰለልኝ ነው፣ መለየት አልቻልኩም። ለሁሉም «ደህና ነው» እላለሁ።

ሙዚየሙ ግቢ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ጥንት አንድ የፖርቱጋል መርከብ አዛዥ ብዙ ጓደኞቹ በማዕበል ጠፍተውበት እዚህ ደረሰና የደረሰባቸውን ጽፎ፣ በአሮጌ ጫማ ውስጥ አድርጎ እዛፉ ዘንድ ተወው ይባላል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌላ መርከበኛ አልፎ ሲሄድ አግኝቶ አነበበው። አሁን እዛፉ ሥር በጫማ ቅርጽ የተሠራ የፖስታ ሣጥን አለ፤ ለእርስዎ የምጽፈውን የማስገባው እዚያ ነው። ባለፈው ስከተው ያን ሰውዬ አሰብኩት። ማን እንደሚያነበው ሳያውቅ እንኳ የሞቱትን ሞቱ ብሎ ነው የጻፈው። ትንሽ አሟቸዋል አላለም። እኔ የሥጋ አክስቴን ነው የምዋሸው።

ሌላም አለ። አክስቴ ወደ አባባ ስልክ የድምፅ መልእክት ትልካለች። መናገር ስለተከለከለ መልስ አትጠብቅም፣ ግን ታወራዋለች። የሆሳዕናን ወንዝ ታወራዋለች፤ ልጅ ሳለ ገንፎ አልበላም ብሎ ዛፍ ላይ የወጣውን ታወራዋለች። «ንጋቱዬ፣ አሁን ትነሣለህ» ትላለች። ስልኩን እየሞላሁ አስቀምጠዋለሁ፤ እንዳይጠፋ። ለምን እንደማደርገው አላውቅም። እዚህ ስለ አባባ የሚያወራኝ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው መሰለኝ፣ ከሥራ ስመለስ አዳምጠዋለሁ።

ያዘዙኝ ወረቀት አብሮ አለ። የመጨረሻዬ ነው። ከዚህ በኋላ ከጠየቁኝ አልጽፍም።

ባሮክ


ሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በፈጣን ፖስታ)

ባሮክ ልጄ፣

ሰላምታውን በልቤ አድርሼልሃለሁ፤ በወረቀት ለመደርደር ጊዜ የለም።

ቁጣህን የያዘው ደብዳቤ የደረሰኝ ገና ትናንት ነው። ቁጣህ ልክ ነው። ግን ዘግይቷል፤ አብሮት የመጣውን የሆስፒታሉን ወረቀትም አላነበብኩላትም። አንተ እዚያ በአባትህ ስልክ መልእክቷን ስታዳምጥ፣ እዚህ እሷ ስልክ ላይ «ተሰምቷል» የሚለው ሰማያዊ ምልክት ይታያል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፣ አንተም አላሰብከውም። እሷ ግን ዐይኗን ከዚያ ላይ አትነቅልም። አንድ ጠዋት ስልኩን ይዛ እየጮኸች መጣች። «ወንዳፍራሽ፣ ሰምቶታል! ሁሉንም ሰምቶታል! የታመመ ሰው ይሄን ሁሉ ቁጭ ብሎ ይሰማል?» አለችኝ። እኔ ደግሞ በዚያች ደቂቃ አፌን መክፈት ሲገባኝ «ኦኬ፣ ጥሩ ነው» አልኳት። እሑድ መድረክ ላይ ወጥታ ወንድሜ ተፈውሷል ብላ መሰከረች። ጉባኤው በእልልታ ተነሣ። ሰኞ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠች።

ልታየው ነው የምትመጣው። ሐኪሟም መብረር ትችላለች ብሏል። እኔ ፓስፖርቴ ጊዜው አልፎ ለእድሳት ገብቷል፤ ተከትያት መምጣት አልችልም።

ቅዳሜ ልንነግራት ወስነን ነበር። ፓስተሯ፣ ሲሞን የሚባለው የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌና ሌሎችም ገና ሳይነጋ መጡ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። አየቻቸውና «ጌታ ይባርካችሁ፣ ልትሸኙኝ መጣችሁ?» ብላ አቀፈቻቸው። እያስገባች አስቀመጠቻቸው። እንቁላል ጠበሰችላቸው። ፓስተሩ እኔን ያያል፣ እኔ ሲሞንን አያለሁ፣ ሲሞን ሳህኑን ያያል። «ሶ፣ ፓስተር፣ ለመንገዴ ይጸልዩልኝ» አለችው፤ ቆሞ ጸለየላት። ሁላችንም አሜን አልን። ሲወጡ ሲሞን በጆሮዬ «ዛሬ ልቧ አይሆንም፣ ጋሼ» አለኝ። እኔ እንጃ፤ ልቧስ ይሆን ነበር፣ ያልሆነው የእኛ ነው።

የፊታችን ዓርብ ጆርጅ ኤርፖርት ትደርሳለች። እኔ ያልቻልኩትን በአንተ ላይ መጣሌ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። መድኃኒቷ በእጅ ቦርሳዋ የጎን ኪስ ውስጥ ነው። ብቻህን እንዳትነግራት። ሰው ሰብስብ።

ወንዳፍራሽ


ሞሰል ቤይ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ወንዳፍራሽ፣

እግዚአብሔር ያበርታዎት። አክስቴ በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ረጋ ብለው እንዲያነቡልኝ ነው።

ዓርብ ተቀበልኳት። ለአባባ ወፍራም ፒጃማና ለጉሮሮው ማር ይዛለታለች። መኪና ውስጥ «ድምፁ ተመለሰ?» አለችኝ። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን አክስቴ፣ ዛሬ ደክሞሻል» አልኳት። አላጣደፈችኝም። ወደብ አጠገብ ስናልፍ መርከብ አሳየኋት፤ አላየችውም፣ እኔን ነበር የምታየው። «ከስተሃል» አለችኝ።

ሰው ሰብስብ ብለውኝ ነበር። ከጆርጅ የመጡት ወንድሞች ጥቂት ናቸው። በጥቂት ሰው መርዶ አይረዳም ብዬ ጎረቤቶቼን ለመንኩ። የግቢያችንን ኪራይ የምትሰበስበው ማማ ኖምሳ ከእህቷ ጋር መጣች፤ አባባ ብርድ ልብስ ሸጦላታል። ጥግ ላይ ሱቅ ያለው ባንግላዴሹ ሰውዬም ሱቁን ሳይከፍት መጣ። ወጋችንን አያውቁም። «በማለዳ ኑ፣ አትናገሩ፣ አብራችሁኝ ቁሙ» ብቻ ነው ያልኳቸው። እነሱም አደረጉት።

በሩ ሲንኳኳ አክስቴ ቀድማኝ ከፈተች። ደጅ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አየች። ፓስተር የለ፣ የሚያውቁት ፊት የለ፣ ለሽኝት ነው የሚባል ነገር የለ። ማማ ኖምሳ ብርድ ልብሱን ለብሳው ነበር የመጣችው፤ ማልቀስ ጀመረች። አክስቴ በሩን እንደያዘች «ንጋቱ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «መቼ?» ጥቅምት ነው አልኳት። «ጥቅምት» ብላ ደገመችው። ወንበር አቀረቡላት፣ አልተቀመጠችም።

«ድምፄን ሲሰማ የከረመው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ አክስቴ። ደጋግሜ።»

ልትመታኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «አንተስ? አልቅሰሃል?» አለችኝ። ጋሼ፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንቺ እስክትሰሚ እየጠበቅሁ ነበር አልኳት። ያኔ ነው የጮኸችው። ራሴን ይዛ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፣ ያ የምንፈራለት ልቧ ጆሮዬ ሥር ይመታ ነበር። በሀዲይኛ አለቀሰች። መጀመሪያ ያለቀሰችው ለአባባ አይደለም፣ ለእኔ ነው፤ ስሜን እየጠራች ነበር። እኔም አለቀስኩ። ፀሐይ ወጥቶ ሰዎቹ ተቀምጠው፣ ተነሥተው፣ ሻይ እስኪጠጡ ድረስ አለቀስኩ። ባንግላዴሹ ሰውዬ ሱቁን ሳይከፍት ዋለ።

ከሰዓት መቃብሩ ዘንድ ሄድን። አፈሩን ነካችና «ደረቅ ነው» አለች። ውሃ ፈልጌ አመጣሁላት፣ አፈሰሰችበት። አሁን ትበላለች፣ መድኃኒቷን ትወስዳለች። ስልክ ሲደውሉ ያላነሣችው ሆነ ብላ ነው። ለእርስዎ ራሷ ጽፋለች፤ አላነበብኩትም፣ አብሬ ልኬዋለሁ።

ባሮክ


ወንዳፍራሽ፣

ጌታ ይጠብቅህ። በስልክ ያላወራሁህ እንዳልጮህብህ ነው፤ በወረቀት መጮኽ ያደክማል።

ልቤ አልቆመም። ሐኪሙን ጠየቅህ፣ ፓስተሩን ጠየቅህ፣ ሲሞንን ጠየቅህ፤ እኔን አልጠየቅኸኝም። እናቴን በአሥራ ሁለት ዓመቴ ስቀብር የያዝኩት ልብ ይኸው ነው። ለእኔ ብለህ እንዳደረግኸው ዐውቃለሁ። ወንበር ስታቀርብ፣ ስታነሣ፣ ዐይንህ ደም መስሎ ስትከርም ሥራ የበዛብህ መስሎኝ ነበር። አንተም ተሠቃይተሃል። ይህን አልክድህም።

መድረክ ላይ ወጥቼ ተፈወሰ ብያለሁ። ስመለስ በዚያው መድረክ ወጥቼ ወንድሜ በጥቅምት ሞቷል እላለሁ፤ ዶርቃ ደስ ያላትን ታስብ። እዚህ ከደረስኩ በኋላ ጌታ ዋሸኝ ብዬ ተጣልቼው ነበር። ኋላ ሳስበው የዋሸኝ እሱ አይደለም፣ ባሌ ነው፤ ታረቅሁት። ከአንተ ጋር ደግሞ ቤቴ ስገባ እንነጋገራለን።

የሚያንገበግበኝ ልጁ ነው። አባቱን ቀብሮ መጣ፤ እናንተ ግን ከመቃብር መልሳችሁ አስታመማችሁት። እኔ እዚያ ዳንክ ዳንክ እያልኩ ስዘምር፣ እሱ እዚህ የእኔን ድምፅ እየሰማ አባት የሌለበት ቤት ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሲተኛ አየዋለሁ፤ እንደ ሽማግሌ ነው የሚተኛው። ለቅሶው እስኪወጣለት አብሬው እቆያለሁ። ትኬቴን አራዝምልኝ፣ ቀኑን ኋላ እነግርሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ። ዕድሜያችን ሄዷል፤ እኔ ካንተ ብቀድም ለባሮክ የዚያኑ ዕለት ደውልለት። ሥራ ላይ ቢሆንም ጥራው፣ ተኝቶም ቢሆን ቀስቅሰው። ሞታለች በለው።

እታለም